ደመወዝ ወር ሳይደርስ ያልቃል፣ ዕዳው ደግሞ እየጨመረ ነው፤ ከየቱ ልጀምር?

የአዋሬዋ | ጥር 20

ሰላም እንዴት ናችሁ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። ሒሳቡን ካልዘረዘርኩ ምክራችሁ ልክ አይመጣም ብዬ ነው።

ባለቤቴና እኔ ሁለት ልጆች አሉን። አዋሬ አካባቢ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ካዛንቺስ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ያልተጣራ ደመወዜ 24,000 ነው። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ፣ የመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማኅበርም 3,000 ወስዶ፣ እጄ የሚገባው 13,000 ገደማ ነው። ባለቤቴ የሰው መኪና ይዞ የታክሲ ሥራ ይሠራል። ለባለመኪናው ከፍሎ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ ለቤት የሚያመጣው በአማካይ 18,000 ነው። አንድ ላይ 31,000 ማለት ነው።

ወጪው እንዲህ ነው። ኪራይ 11,000፣ ምግብ 11,000፣ የልጆች ትምህርት ቤት 5,000፣ ትራንስፖርት 2,500፣ እቁብ 2,000፣ ለእናቴ 1,500፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,200፣ እድር 200። ድምሩ 34,400። ገና ዕዳ ሳይነካ ገቢያችንን አልፏል።

ዕዳው የመጣው አምና ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ነው። ለወራት ሥራ አልሠራም። ከሰፈር ሰው 60,000 በወር 8 በመቶ ወለድ ወሰድን። መያዣ ብሎ መጠኑ ያልተሞላ ቼክ አስፈርሞናል። በየወሩ 4,800 እንሰጠዋለን፣ ዋናው ግን ንቅንቅ አላለም። ለቁጠባና ብድር ማኅበሩ 48,000 ይቀረኛል። ከባለቤቴ እህት ያለ ወለድ 30,000 ወስደናል። ከስልክ ብድር 12,000 አለ፤ በየወሩ ከፍዬ መልሼ እወስደዋለሁ። ለገናና ለጥምቀት ደግሞ ሱቅ 6,500 ዱቤ ገብተናል።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከየቱ ልጀምር?

ሒሳብ ሠራተኛ | ጥር 20

እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማረው። እንዲህ ቁልጭ አድርገሽ መጻፍሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ስንት ዕዳ እንዳለበት አያውቅም።

ጠቅላላ ዕዳችሁ 156,500 ነው። አምስቱን እኩል አትያቸው። የሚያደማችሁ የሰፈሩ ሰው ብድር ነው። በወር 4,800 ማለት በዓመት 57,600 ነው። ዓመት ሙሉ ስትከፍሉ የተበደራችሁትን ያህል ልትከፍሉ ምንም አይቀራችሁም፤ 60,000ው ግን እንዳለ ይቆያል። ከዚህ በፊት የሚመጣ ዕዳ የለም። የእህትየውም ሆነ የማኅበሩ ሊታገሥ ይችላል። ይኼኛው በየወሩ ሥጋችሁን ይበላል።

የመጀመሪያ ሐሳቤ የቁጠባና ብድር ብድርሽን አሳድሰሽ በእሱ አራጣውን መዝጋት ነው። የማኅበር ወለድ ከዚህ ጋር በፍጹም አይነጻጸርም። ነገ ጠዋት ሄደሽ ደንቡን ጠይቂ።

ቀጥተኛ ሰው | ጥር 20

እቁቡን አቁሚ። በዕዳ ላይ ሆኖ እቁብ መጣል ምን ይሉታል? 2,000ውን ወደ ብድሩ ብታዞሪው ይሻላል። ለእናትሽም ለጊዜው ይቅር። ቤቱንም ልቀቁ፤ መሀል ከተማ 11,000 ከመክፈል ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ብትገቡ ግማሹን ታተርፋላችሁ።

እናት ዓለም | ጥር 21

ልጄ፣ ለእናቷ የምትሰጠውን አቁሚ ማለትስ አይገባም። እናትየዋ በእሱ ይሆናል የምትበላው። ወንድም እህት ካለሽ ግን ጠርተሽ አካፍያቸው። አንቺ ብቻ ለምን?

የእቁብ ጸሐፊ | ጥር 21

ቀጥተኛ ሰው፣ ይቅርታ አድርግልኝና እቁቡ ላይ አልስማማም። ብዙ ዓመት የእቁብ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ጥያቄው እቁብ ይኑር አይኑር ሳይሆን ዕጣው ወጥቶላታል ወይ ነው። እህቴ፣ ስንት ሰው ናችሁ? ዙሩ የት ደረሰ?

የአዋሬዋ | ጥር 21

20 ነን። 9 ዙር ወጥቷል። የእኔ ገና ነው።

የእቁብ ጸሐፊ | ጥር 21

እንግዲያው ስሚኝ። እስካሁን 18,000 ጥለሻል። ብታቆሚ በአብዛኛው እቁብ ያንቺን 18,000 የምታገኚው ዙሩ ሲያልቅ ነው፣ ስምሽም ይበላሻል። ዕጣው ቢደርስሽ ግን 40,000 ትይዣለሽ። ቀድሞ የወሰደ ሰው ከአባላቱ ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ዘግይቶ የሚወስደው ደግሞ እያስቀመጠ ነው። አንቺ እስካሁን ለሌሎቹ ስታስቀምጪ ነበር። አሁን የሚያስፈልግሽ ብድሩ ነው።

ለእቁቡ ዳኛ በግል ንገሪው። ሕመም፣ ሐዘን፣ ሠርግ ሲመጣ አባላት ተስማምተው ገንዘቡን ያለ ዕጣ ሲሰጡ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ዋስ ይጠይቁሻል፣ እሱን አዘጋጂ። ካልተስማሙ ደግሞ ዕጣ የወጣለትን ሰው ለምኚና ተለዋወጪ። ሰውየው ገንዘቡን ለመልቀቅ 2,000 ጉርሻ ቢጠይቅሽ እንኳ አስቢው። የ40,000 ብር አራጣ በወር 3,200 ነው። አንዴ 2,000 ሰጥቶ በየወሩ 3,200 ማትረፍ ኪሳራ የለውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብሩ ሲወጣ ቀጥታ ወደ አበዳሪው ይሂድ። ቤት ገብቶ አንድ ሌሊት ካደረ በዓል ይመጣል፣ ፍሪጅ ይበላሻል፣ ሰው ይሞታል።

ጠበቃው ከልደታ | ጥር 22

የብድሩን ሕጋዊ ገጽ ልጨምር።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በአንቀጽ 2479 መሠረት ግለሰቦች ገንዘብ ሲበዳደሩ የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። በዓመት ነው የምላችሁ። የአዋሬዋ ለአንድ ወር ተኩል የምትከፍለው ሕጉ ለዓመት ከፈቀደው ጋር እኩል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 የሰውን ችግር ተጠቅሞ በአራጣ ማበደርን ወንጀል ያደርገዋል።

እዚህ ድረስ ደስ ይላል። አሁን ቼኩ። አራጣ አበዳሪዎች ቼክ የሚወዱት ለዚህ ነው። በዚያው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትም ያስቀጣል። አበዳሪው መጠኑን ራሱ ሞልቶ ባንክ ቢያቀርበውና ቢመለስ፣ ነገሩ ከብድር ወጥቶ የቼክ ጉዳይ ይሆናል። በመያዣነት ነው የሰጠሁት ማለት ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም። ስለዚህ ሰውየውን በክስ ከማስፈራራታችሁ በፊት ቼኩ በምን መንገድ እንደሚመለስ አስቡ።

ከዛሬ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉት። በባንክ አስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይ የብድር ክፍያ ብላችሁ ጻፉ። እስካሁን የከፈላችሁትን ወርና መጠን ጽፋችሁ ያዙ። በስልክ የተጻጻፋችሁት ካለ አታጥፉት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሲካካዱበት በዋናነት የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ በወሬ የሚሆን የለም።

እናት ዓለም | ጥር 22

የሕጉን ስላስረዳኸን ተባረክ ልጄ። እኔ የምጨምረው ሽማግሌ ነው። ሰውየው የሰፈር ሰው ነው ብላለች። በሰፈር የሚከበር፣ እሱም የሚያፍረው ሰው አይጠፋም። የእድሩ ሊቀመንበር ይሁን፣ የነፍስ አባቱ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱለት። ወለዱን ተው፣ ዋናህን በየወሩ ውሰድ ይበሉት። የበላው ወለድም ይበቃዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ዝም ስላላችሁ ነው እሱ የበረታባችሁ።

የአዋሬዋ | ጥር 22

እናቴ፣ ባለቤቴ ሰው እንዳይሰማ በጣም ይፈራል። የእድሩ ሰዎች ካወቁ ሰፈር ሁሉ አወቀ ይላል።

እናት ዓለም | ጥር 22

ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቃችሁ ጎረቤት ያላየ ይመስለዋል? ንገሪው። ታሞ ተበደረ እንጂ ሰርቆ አይደለም። ምን የሚያሳፍር ነገር አለ?

የሾላዋ | ጥር 23

እኔ ወደ ማዕድ ቤቱ ልግባ። 11,000ው ውስጥ የሚቀነስ አለ። ልጆቹን ሳታስርቢ ማለቴ ነው።

አሁን ጥር ነው። አዲሱ ጤፍ የገባበት፣ በርበሬም የሚረክስበት ጊዜ ነው። ከሱቅ በኪሎ እየገዛሽ ከሆነ እሱን አቁሚ። ግቢ ውስጥ ካሉት ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ አንድ ኩንታል ጤፍ ግዙና ተካፈሉ። እኛ እንዲህ እናደርጋለን፣ ወፍጮ ቤትም አንድ ላይ እንሄዳለን። ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር በገባ ቁጥር የምትነግርሽ ጎረቤት ያዢ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ ግዢ። ድሮ አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ በእግር ወርደን እንገዛ ነበር። ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከሄደ ወዲህ ግን ለመሀል ከተማ ሰው ትራንስፖርቱ ትርፉን ይበላዋል፣ ለትንሽ ነገር ብለሽ እዚያ አትድከሚ።

እንጀራ ትገዣለሽ ወይስ ትጋግሪያለሽ? ከመሥሪያ ቤት ደክመሽ ስትመጪ ከሱቅ መግዛት እንደሚቀል አውቃለሁ። ግን ለአራት ሰው በየቀኑ የሚገዛ እንጀራ በወር ስንት እንደሚሆን አንድ ጊዜ ደምሪው። ቅዳሜና ረቡዕ ማታ መጋገር ትልቅ ልዩነት አለው። ዓቢይ ጾምም እየመጣ ነው። የምትጾሙ ከሆነ ሥጋና ቅቤው ስለሚቀር ያ ብር ለብቻው ይቀመጥ፤ ዝም ብሎ ሌላ ነገር ውስጥ ይሰምጣል።

ዱቤውን በተመለከተ፣ ባለሱቁን ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ስጪውና መዝገቡ ላይ ስትሰርዙ አብረሽው ቁሚ። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ይሉኝታ ይይዘዋል። ዋናው ጉዳቱ እሱ ነው።

ባለ ላዳ | ጥር 23

ስለ ቤቱ። እኔም ሹፌር ነኝ። ባሏ የሚሠራው መሀል ከተማ ከሆነ ቱሉ ዲምቱ መግባት ማለት በየቀኑ ባዶ መኪና ነድቶ መመላለስ ነው። ነዳጁም ሰዓቱም ከእሱ ነው የሚወጣው። ልጆቹም ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነው። ኪራይ የሚተርፈው በወረቀት ላይ ነው።

ይልቅ ወንድማችን ሰርቪስ ይሞክር። ባለመኪናውን አስፈቅዶ ጠዋትና ማታ የሰፈር ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ። ለራሱ ልጆች መሄዱ አይቀርም። ሌሎች ሦስት ልጆች ቢይዝ ቋሚ ገቢ ነው። ደንበኛ እስኪጠራ ጎዳና ላይ ቆሞ ከመጠበቅ ይሻላል።

ጠበቃው ከልደታ | ጥር 23

በኪራይ ላይ አንድ ቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውል ዘመኑን ቢያንስ ሁለት ዓመት ያደርገዋል። ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ውላችሁ ወረዳ ካልተመዘገበ አስመዝግቡ። በዚህ ሁሉ መሀል ድንገት ኪራይ ቢጨመርባችሁ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።

ፒያሳ 1 | ጥር 24

የስልክ ብድሩን ማንም አልነካውም። እኔ ልንገርሽ።

ቴሌብር በ2014 መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የሚባሉትን አገልግሎቶች ሲጀምር ነው ብዙዎቻችን የለመድነው። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ባንኮችም መጥቷል። መላ ጥሬውን ያበድራል፣ እንደኪሴ ስትከፍዪ የጎደለሽን ይሞላል፣ ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። መያዣ አለመጠየቁ ለድንገተኛ ነገር ጥሩ ነው። ችግሩ እንዳንቺ በየወሩ ከፍሎ በየወሩ መልሶ መውሰድ ነው። በየዙሩ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ትንሽ ይመስላል። በዓመት ሲደመር ግን ቀላል አይደለም።

በአንድ ጊዜ ማቆም አትችዪም፣ ምክንያቱም የወሩ ወጪ በእሱ ላይ ቆሟል። ስለዚህ እየቀነስሽ ውጪ። በዚህ ወር 12,000 ከፍለሽ 11,000 ብቻ ውሰጂ። በሚቀጥለው 10,000። የጊዜ ገደቡን ግን አታሳልፊ። የብድር ታሪክሽ ይመዘገባል፣ ነገ ባንክ ስትሄጂ ይወጣል።

የአዋሬዋ | ጥር 25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማኅበሩን ጠየቅሁ። መጀመሪያ የወሰድኩት 72,000 ነበር፤ ግማሹን ሳልከፍል ማደስ አይቻልም አሉኝ። ገና 24,000 ነው የከፈልኩት። ስለዚህ እቁቡ ነው የቀረኝ። ዛሬ ማታ ዳኛውን አነጋግራለሁ። ባለቤቴም ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ አንብቦታል።

ሒሳብ ሠራተኛ | ጥር 25

አራት ወር ከፍለሽ 12,000 ስትጨምሪ ግማሹ ይሞላል። ሰኔ ላይ ማደስ ትችያለሽ። ያኔ አራጣው ከተዘጋ የስልኩን ቀሪ በዚያ ጨርሺው። ከዚያ በላይ ግን አትውሰጂ፤ አሠሪ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆርጠው ከሲሶ እንዳይበልጥ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአዋሬዋ | የካቲት 18

የደረስንበትን ልንገራችሁ።

እቁቡ ተሳካ። ዳኛው አባላቱን ሰብስቦ ነገራቸው፣ ማንም አልተቃወመም። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም ብላ ተቆጣችኝ። ዋስ አቀረብኩና 40,000 ወጣልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄዱ። የመጀመሪያው ቀን ሰውየው አልሰማም አለ። ሁለተኛው ቀን ላይ 40,000ው ተዘጋጅቷል ሲሉት ተለሳለሰ። ጠበቃው እንዳልከው በባንክ አስተላለፍን። ቀሪው 20,000 ያለ ወለድ በየወሩ 2,000 ሆኖ በ10 ወር እንዲያልቅ ተስማማን። ቼኩን ግን ሲያልቅ ነው የምመልሰው ብሏል።

ባለቤቴ ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግሮ ለእናቴ ከሚሰጠው ግማሹን ታናሽ ወንድሜ ያዘ። ባለቤቴ ሰርቪሱንም ጀምሯል፣ በወር 4,000 ያገኝበታል። ከምግቡ 1,500 ቀንሰናል፤ ጤፉን ሦስት ቤት ሆነን ገዛን። የስልኩን ብድር ወደ 11,200 አውርጄዋለሁ።

ጠበቃው ከልደታ | የካቲት 18

እጅግ ደስ ብሎኛል። ቼኩን ግን እንዲህ አትተዉት። ለ10 ወር ያልተሞላ ቼክ ሰው እጅ አይቀመጥም። ሽማግሌዎቹ ባሉበት የ20,000 የብድር ውል ይጻፍ፣ የክፍያው ቀን ይግባበት፣ ምስክሮች ይፈርሙ፣ ቼኩ በዚያው ዕለት ይመለስ። አሁን እሱም የተጻፈ ማስረጃ ስለሚያገኝ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ሽማግሌዎቹን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አስቸግሯቸው።

ሒሳብ ሠራተኛ | የካቲት 19

ጎበዞች ናችሁ። ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። መደበኛው ወጪ 34,400፣ የሰውየው 2,000 ሲጨመር 36,400። ከምግብ 1,500፣ ከእናትሽ 750 ሲቀነስ 34,150። ገቢ ከሰርቪሱ ጋር 35,000። በወር 850 ይተርፋል። ጠባብ ነው፣ ግን ከጥር በፊት በየወሩ 8,200 ትጎድሉ ነበር።

የሚያሳስበኝ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰርቪስ የለም፣ 4,000ው ይቀራል። ትምህርት ቤታችሁ የሚያስከፍለው ስንት ወር ነው?

የአዋሬዋ | የካቲት 19

10 ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ አንከፍልም። ግን ነሐሴ ላይ ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር አለ።

ሒሳብ ሠራተኛ | የካቲት 19

ስለዚህ በሁለቱ ወራት 5,000 ይቀርላችኋል፣ 4,000 ይቀርባችኋል። ከሞላ ጎደል ይካካሳል። ምዝገባውን ግን አይሸፍንም። ከአሁኑ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ፣ ምዝገባና የመጀመሪያ ወሩን ለሁለት ከፍለው የሚቀበሉ አሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ፋሲካ ይመጣል።

የሾላዋ | የካቲት 19

ለፋሲካ ቅርጫ እንዳትገቢ። የዘንድሮው ዶሮና እንቁላል ይሁን፣ ልጆቹም አይከፋቸውም። ከጾሙ የተረፈውን በየሳምንቱ ለብቻ አስቀምጪ። ባለሱቁ ዱቤ ስንት ቀረው?

የአዋሬዋ | የካቲት 20

5,300። በየቅዳሜው 300 እሰጠዋለሁ፣ አብረን እንሰርዛለን። ለቼኩ ጉዳይ ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን ብለዋል። ውሉን በምን መልክ እንደምንጽፈው ጠበቃው ብታሳየኝ ደስ ይለኛል።

ጠበቃው ከልደታ | የካቲት 20

አጭር ይሁን። የአበዳሪና የተበዳሪ ሙሉ ስም፣ ቀሪው ዋና ዕዳ 20,000 ብር መሆኑ፣ ወለድ እንደሌለው፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን 2,000 በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ፣ እስካሁን 40,000 መከፈሉ፣ ቼኩ ቁጥሩ ተጠቅሶ ዛሬ መመለሱ። የሁለታችሁም፣ የባልና የሚስት፣ ፊርማ ይኑርበት። ምስክሮች ሁለት ይበቃሉ። ሁለት ቅጂ አዘጋጂና አንዱን ቤትሽ አስቀምጪ። ቅዳሜ ድረስ ረቂቁን እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። ስም ግን እንዳታስገቢ።